ጭሱ ከብርጭቆው ውጭ፦ የሃሎዊን መጠጦች ሳይንስ በዴንቨርና በአውሮራ

ኦክቶበር 31፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በዴንቨርና በጎረቤቷ በአውሮራ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጡ ተቦርቡሮ መብራት የገባበት ዱባ በየደጃፉ ይቀመጣል። አጽም፣ ጠንቋይና ጭራቅ መስለው የለበሱ ልጆች ከበር ወደ በር እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። በኮሎራዶ በዚያ ሰሞን በረዶ መጣሉ ብርቅ ስላልሆነ፣ ከነጭ አንሶላው በላይ ወፍራም ጃኬት የደረበ «መንፈስ» ማየትም የተለመደ ነው። ሆያ ሆዬ እየጨፈሩ ሙልሙል ተቀብለው ላደጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከቤት ወደ ቤት መዞሩ ብዙም እንግዳ አይሆንባቸውም። እንግዳ የሚሆነው ከዙረቱ በኋላ ቤት ውስጥ የሚደገሰው ድግስ፣ በተለይም ከጠረጴዛው መሐል ነጭ ጭስ እየተፋ የሚንተከተከው መጠጥ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤትና በጓደኞቻቸው ቤት አይተውታል፤ በራሳቸውም ቤት እንዲኖር ይለምናሉ።

ያ ነጭ ነገር በትክክለኛ ስሙ ጉም ነው። የሚፈጥረውም በተለምዶ ድራይ አይስ የሚባለው ደረቅ በረዶ ሲሆን፣ ይህም በኃይለኛ ቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት «ሽሽ» ብሎ የሚወጣው፣ በአምቦ ውሃ ውስጥ ከምድር ሆድ ተሟሙቶ የሚመጣው ያው ጋዝ ነው። በባሕር ጠለል ባለው የአየር ግፊት፣ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። በመካከሉ ፈሳሽ ስለማይሆን «ደረቅ» ተባለ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ጋዙ በአረፋ መልክ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ ብርዱም ከውሃው የሚነሣውን እንፋሎት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለውጠዋል። ዐይን የሚያየው እነዚያን ጠብታዎች ነው። ጋዙ ራሱ አይታይም፤ ጉሙ ጠፍቶ ክፍሉ ጥርት ካለ በኋላም ጋዙ እዚያው ሊኖር ይችላል።

ነገሩን በመጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ቲሎርየር ሲሆን፣ ጊዜው 1835 ነበር። ድራይ አይስ የሚለው ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት የሆነው ደግሞ በ1925 ነው። ዛሬ ክትባትና ዓሣ የሚጓጓዝበት፣ በአንዳንድ የአሜሪካ ገበያዎችም በፓውንድ የሚሸጥ ተራ ሸቀጥ ሆኗል።

በዴንቨር አካባቢ ደረቅ በረዶ ከሃሎዊን ጋር በልጆች አእምሮ ውስጥ እንዲቆራኝ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ስቲቭ ስፓንግለር ናቸው። በቼሪ ክሪክ የትምህርት ወረዳ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ ወረዳው የአውሮራን ከፊል ያጠቃልላል። ኋላም በዴንቨሩ ዘጠነኛ ጣቢያ የሳይንስ ሙከራ እያሳዩ ታወቁ። በ2005 ሜንቶስ ከረሜላ ዳይት ኮክ ውስጥ ጨምረው ያስፈነጠሩት ፏፏቴ በበይነ መረብ ዓለምን ዞሯል። በደረቅ በረዶ ከሚሠሯቸው ማሳያዎች የታወቀው በጉም የተሞላ የሳሙና አረፋ ነው፤ ልጆች በጓንት ይይዙታል፣ ያነጥሩታል፣ ሲፈነዳም ጉሙ እጃቸው ላይ ይፈስሳል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ አረፋ የሚነጥር እንጂ የሚጠጣ አለመሆኑ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደረቁ በረዶ ወደ ብርጭቆ ሲገባ ነው።

ተራ በረዶ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ልጅ ሲጠጣ ከንፈሩን ይነካዋል፣ ያየዋል። ደረቅ በረዶ ግን ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ይሰምጣል። በዙሪያው ያለው መጠጥ በቅዝቃዜው ረግቶ እንደ ልባስ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ባለ ቀለም መጠጥ ውስጥ የገባች የባቄላ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ከታች ተደብቃ የመጨረሻውን ጉንጭ ትጠብቃለች፤ መምጠጫ ቀሰም ካለ ደግሞ ቀሰሙ የሚስበው ከታች ነው። ወደ አፍ ከገባች ምላስንና ጉሮሮን እንደ እሳት ታቃጥላለች። ከተዋጠች ደግሞ ሆድ ውስጥ በመቶዎች እጥፍ ወደሚበልጥ ጋዝ ትለወጣለች። የትልቅ ሰው ሆድ ሊቋቋመው የማይችለውን የልጅ ሆድ እንዴት ይቋቋመዋል?

ይህ ከአጉል ፍርሃት የመጣ ማስጠንቀቂያ አይደለም። በማርች 2024 በሕንድ ጉሩግራም ከተማ አንድ ምግብ ቤት ከምግብ በኋላ አፍ ማደሻ ተብሎ የቀረበላቸውን ደረቅ በረዶ የቀመሱ አምስት ሰዎች ደም እያስታወኩ ሆስፒታል ገብተዋል። በፌብሩዋሪ 2020 በሞስኮ በአንድ የልደት ድግስ ላይ ጉም ለመፍጠር ተብሎ ደረቅ በረዶ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲጨመር ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በ2018 ደግሞ በዋሽንግተን ስቴት ደረቅ በረዶ የያዙ ሳጥኖች በተጫኑበት መኪና ውስጥ አንዲት አዛውንት ሕይወታቸው አልፏል። በሁለቱ የኋለኞቹ አደጋዎች ደረቅ በረዶ የዋጠ ሰው አልነበረም። የገደላቸው የተነፈሱት አየር ነው።

የዴንቨርና የአውሮራ ቤቶች ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ዴንቨር በ1,609 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አውሮራም ከዚያ ጥቂት ከፍ ትላለች። ከአውሮራ እህት ከተሞች አንዷ የሆነችው አዳማም በዚያው ከፍታ አካባቢ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ደግሞ ይህ ቁልቁል መውረድ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ17 በመቶ ያህል ያንሳል። ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዝ ይሰፋልና፣ ግማሽ ኪሎ ደረቅ በረዶ በተራ የቤት ሙቀት ከ300 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህ አራት ሜትር በአምስት በሆነ፣ ጣሪያው 2.4 ሜትር ከፍታ ባለውና አየር በማይገባበት ክፍል ቢሰራጭ የአየሩን 0.7 በመቶ ያህል ይይዛል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ ለስምንት ሰዓት የተፈቀደው አማካይ መጠን 0.5 በመቶ ነው። ሁለት ኪሎ ከሆነ ደግሞ ወደ 3 በመቶ ይጠጋል፤ በዚህ መጠን ራስ ምታትና ቁና ቁና መተንፈስ ይጀምራል።

ስሌቱ ጋዙ በክፍሉ ውስጥ እኩል እንደሚሰራጭ ያስባል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ክብደቱ ይብሳል፤ ስለዚህ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። በኦገስት 1986 ከካሜሩን የኒዮስ ሐይቅ የፈነዳው ይኸው ጋዝ በሸለቆ እየተንከባለለ ከ1,700 በላይ ሰዎችን በሌሊት የገደለው በዚህ ባሕርዩ ነው። የቤት ድግስ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። በዴንቨር አካባቢ የልጆች ድግስ ብዙ ጊዜ የሚደገሰው ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ውጭው በረዶ ስለሆነ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ትንንሾቹም ወለል ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ትልልቆቹ ቆመው ሲያወሩ ምንም ላይሰማቸው ይችላል።

ታዲያ ልጆቹን ከጉሙ መከልከል ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ጉዳዩን ይፈቱታል። ትልቁ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይጨመርና መጠጡ የተቀዳበት ትንሹ ሳህን መሐሉ ላይ ይቀመጣል፤ ጠርዙ ከትልቁ ከፍ ማለት አለበት። ደረቁ በረዶ በጉጠትና በወፍራም ጓንት ተይዞ የሚጨመረው በውጭኛው ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ጉሙ በጠርዙ ላይ እየሞላ ጠረጴዛውን ሲያጥለቀልቀው፣ መጠጡ ራሱ የሚንተከተክ ይመስላል፤ ወደ ብርጭቆ የሚቀዳው ግን ደረቅ በረዶ ያልነካው ነው። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ጉሙ በቶሎ ይበተናል፤ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ለብ ባለ ውሃ መቀየር ያድሰዋል። ለአንድ ማሳያ ሩብ ኪሎ ይበቃል። ቦታውም በረንዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ከቤዝመንት በላይ ባለው ወለል ይሁን። ከገበያ ሲመጣ የመኪናው መስኮት ገርበብ ይላል። ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይዘጋም፣ ይፈነዳልና። የቤት ፍሪዘርም አያቆየውም፤ ስለዚህ የሚገዛው በድግሱ ዕለት ነው።

ጉሙ እንዲህ ከውጭ ከተዘጋጀ፣ የሚያስፈራው መጠጥ ራሱስ ከምን ይሠራ? በሱቅ የሚሸጡት ደም የሚመስሉ ለስላሳዎች ቀለማቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከፋብሪካ ነው። ከነዚያ ቀለሞች አንዱ የሆነውን ቀይ ቁጥር 3 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጃንዋሪ 2025 ከምግብ እንዲወጣ ወስኖ፣ ለአምራቾች እስከ ጃንዋሪ 2027 ጊዜ ሰጥቷል። ከርከዴ ግን ምንም ውሳኔ አያስፈልገውም። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ብዙ የሜክሲኮ መደብሮች ስላሉ፣ «ሃማይካ» በሚል ስም ደረቅ አበባው በየመደርደሪያው ይገኛል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ አዲስ አበባ ላይ በትኩሱም በቀዝቃዛውም የሚጠጣው ያው ከርከዴ ነው። ሁለት እፍኝ አበባ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው በ95 ዲግሪ የሚፈላ ስለሆነ ከተለመደው ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ማቆየት ቀለሙን ያጠነክረዋል። ተጠልሎ፣ ጣፍጦ፣ ሲቀዘቅዝ ደም የሚያስንቅ ቅላት ይኖረዋል።

ይህን ቅላት የሚሰጠው አንቶሳያኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚገርመው ባሕርዩ እንደ አካባቢው ቀለም መቀየሩ ነው። ከርከዴ እንደ ሎሚ ኮምጣጣ በመሆኑ ቀለሙ ቀይ ሆኖ ይቆያል። በልጆቹ ፊት በሁለት ጣት የተቆነጠረ ቤኪንግ ሶዳ ብርጭቆው ውስጥ ቢበተን መጠጡ በድንገት አረፋ ይደፍቃል፤ ቅላቱም ወደ ወይን ጠጅ ይዞራል፤ ሶዳው ሲበዛ ደግሞ ወደ ጠቆረ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ቅላቱን ይመልሰዋል። የተነሣው አረፋ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ነው። ከደረቅ በረዶ የሚወጣው ያው ጋዝ ሲሆን፣ ልዩነቱ በአሲድና በሶዳ ግንኙነት ያለ ምንም አደገኛ ቅዝቃዜ መፈጠሩ ነው። ሶዳው ከቁንጥር ካለፈ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቀለም የሚቀየርበት ብርጭቆ ለማሳያ፣ የሚጠጣው ለብቻው ቢሆን ይሻላል። ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎም ተመሳሳይ ትርኢት ያሳያል፤ ግን ጎመን የሚሸት መጠጥ ማን ይጠጣል!

ዝልግልግ ነገር የሃሎዊን ልጆች ደስታ ነው። ፈረንጆቹ ይህን በጄላቲንና በታፒዮካ ለማምጣት ሲደክሙ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ ተልባ አለ። የተልባ ፍሬ ሽፋን ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች አሉት፤ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ እርስ በርስ ተጠላልፈውም ውሃውን ይይዙታል። በጾም ወራት ሆድ ሲያለሰልስ የኖረው ያ ለምለም መጠጥ የሚገኘው በዚህ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ፍሬ በግማሽ ሊትር ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይፈላና ትኩስ ሳለ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ በወንፊት አያልፍም። ከአናናስ ጭማቂና ከጥቂት የተፈጨ ቆስጣ ጋር ሲመታ ከጭልፋው ላይ እየተንዘላዘለ የሚወርድ የረግረግ አረንጓዴ መጠጥ ይሆናል። ጥሬ ተልባ በብዛት ሲፈጭ ጥቂት ሳያናይድ ሊለቅቁ የሚችሉ ውህዶች ስላሉት፣ እናቶች አምሰው መፍጨታቸው ትክክል ነበር፤ ማመስና ማፍላት ጉዳቱን ይቀንሱታል። ማጣፈጫው ብርዝ ከሆነ ደግሞ ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንደማይሰጥ መዘንጋት የለበትም።

በመጠጡ ላይ የምትንሳፈፍ «የሙት እጅ» ለመሥራት ዱቄት የሌለው፣ ከላቴክስ ያልተሠራ ጓንት ታጥቦ በከርከዴ ይሞላና አድሮ ይረጋል፤ በማግሥቱ ጓንቱ ተልጦ ቀዩ እጅ በመጠጡ ላይ ይንሳፈፋል። ዐይን የሚመስሉት ወይንና ላይቺ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሙሉ ፍሬው መቅረብ የለባቸውም፤ ጉሮሮ ልክ ይዘጋሉ። ቁመታቸውን ተከትሎ አራት ቦታ መሰንጠቅ ይገባል።

የሚያበራ መጠጥም ይፈለጋል። ብላክላይት የሚባለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራ ቶኒክ ውሃ እንደ መንፈስ ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል፤ ምክንያቱ ውስጡ ያለው ኩዊኒን ነው። ኩዊኒን የማይታየውን ብርሃን ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን ይመልሳል። ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነጥረው ያወጡት ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1820 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሽል ይህንን ፍካት በ1845 ገልጾታል። ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በአማርኛ ማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት ኪኒን የተባለው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ስም ተነሥቶ ነው። አንድ ቁንጥር ጨው ቶኒኩ ውስጥ ቢጨመር ፍካቱ ይደበዝዛል፤ ልጆች ምክንያቱን እንዲጠይቁ የሚያደርግ ጥሩ ሙከራ ነው። መልሱም ከጨው የሚለቀቀው ክሎራይድ የኩዊኒኑን ጉልበት ብርሃን ሳይሆን መንጠቁ ነው። በአሜሪካ ደንብ በቶኒክ ውስጥ ኩዊኒን በአንድ ሊትር ከ83 ሚሊግራም ሊበልጥ አይችልም። ይሁንና መራራ መድኃኒት ነውና ለልጅ መጠጥነት ማቅረቡ ምንም ጥቅም የለውም። ቶኒኩን ደረቁ በረዶ በሌለበት ጊዜ በውጭኛው ሳህን ውስጥ ማፍሰስ፣ ወይም ክዳኑ እንደተዘጋ ጠርሙሱን ከመጠጡ ኋላ ማቆም ይበቃል፤ ሰማያዊው ፍካት ከከርከዴው ብርጭቆ ኋላ ይታያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አደጋ ቢደርስ፣ በአሜሪካ የትም ቦታ ሆኖ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ሌሊትም ቀንም ይገኛል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ለኮሎራዶ የሚመልሰው በዴንቨር ያለው የሮኪ ማውንቴን ማዕከል ነው። ደረቅ በረዶ የዋጠ ልጅ እንዲያስታውክ አይገደድም። ቆዳው የተቃጠለ ከሆነ ሳይታሽ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሰው ራሱን ከሳተ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ወዲያውም 911 መደወል ነው፤ ወደ ቤዝመንቱ የሚወርደው ሰው ትንፋሹን ይዞ ቶሎ ካልተመለሰ እርሱም ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል።

እንግዶቹ ሲሄዱ የተረፈው ደረቅ በረዶ በዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አይጣልም፤ ቅዝቃዜው ቧንቧና ሸክላውን ይሰነጥቃል። በክፍት ዕቃ ሆኖ ልጅና ውሻ በማይደርስበት የጓሮ ጥግ ይቀመጣል። ጠዋት ቡና ሲፈላ ወጥቶ ያየ ሰው፣ ዕቃው ጠርዝ ላይ ከያዘው ስስ አመዳይ በቀር ምንም አያገኝም።